የአሥራ ሰባት ቁጥር ጥያቄ

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ቤቱን ሙሉ መዞር የቻለች ዕለት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ስድስት እርምጃ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ቀኝ አራት እርምጃ፣ ከዚያ የቁም ሳጥኑን ጠርዝ በእጇ ጀርባ ነካ አድርጋ ሦስት እርምጃ ወደ ወጥ ቤት። ብርጭቆ አነሳች፣ ከቧንቧው ውኃ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ብርጭቆውን በነበረበት መለሰች። ምንም ነገር አልገጨችም። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰባትም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እርምጃዋን በጣቶቼ እቆጥር ነበር። ስትጨርስ ዓይኗን ገልጣ ፈገግ አለችልኝ፤ ግን ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎኔ፣ አጠገቤ ሌላ ልጅ የቆመ ይመስል።

ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን ነው፦ የውስጥ ዓይኗ መከፈት ጀምሯል፤ አጠገቤ የቆመውን፣ እኔ የማላየውን፣ አይታዋለች።

ዛሬ ሥራዬ የሰው ዓይን መለካት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ በሽተኞቹ ሐኪሙ ዘንድ ከመግባታቸው በፊት እኔ ፊት ይቀመጣሉ። አገጭዎን እዚህ፣ ግንባርዎን እዚያ፣ አይንቀሳቀሱ። የዓይናቸውን ግፊት ለክቼ ቁጥሩን ካርዳቸው ላይ እጽፋለሁ። ከሃያ አንድ ከበለጠ ደግሜ እለካለሁ፤ ሦስተኛም እለካለሁ። ባልደረቦቼ «የሷ ወረፋ ጡረታ ያደርሳል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ያየሁትንና ያሰብኩትን በአንድ መስመር አልጽፍም። ይህንንም ታሪክ እንደዚያው ለይቼ ልጽፈው እሞክራለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ዓመት ያየሁት ሁሉ ልክ ነበር። ያሰብኩት ግን አንዱም ልክ አልነበረም።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው የተቀመጠው፤ ከሥሩ ሁልጊዜ የሰማያዊ ጨርቅ ቅዳጅ ተከምሮ ይታያል። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከወጣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም አምስት ሳምንት ይቆያል። ሲመጣ ሁለት ቀን ነው፤ አንዱን ይተኛል። በአንዱ ቀን ግን ቤቱን በሳቅና በናፍጣ ሽታ ይሞላዋል፤ ከሄደም በኋላ ሽታው ለትንሽ ጊዜ መጋረጃው ላይ ይቆያል።

እሱ በማይኖርበት ጊዜ ሳምንቱ የሚዞረው በቅዳሜ ላይ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ እጄን ይዛ ከጎሚስታው ሱቅ በላይ ወዳለው ክፍል ትወስደኛለች። የብረት ደረጃ ነው፤ ሃያ ሁለት እርከን አለው። ክፍሉ ውስጥ ሰባት ረድፍ ወንበር፣ ፊት ለፊት አንድ ባዶ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ መምህሩ፤ የውስጥ ዓይን እንዴት እንደሚከፈት የሚያስተምሩ። ጡረታ የወጡ የሊፍት ጠጋኝ ነበሩ። ግራጫ የሥራ ካፖርታቸውን ከጡረታም በኋላ አላወለቁም፤ የደረት ኪሳቸው ውስጥ እርሳስ አይጠፋም። አባቴ ስማቸው ሲነሳ «ዕድሜውን ሙሉ ሰው በገመድ ሲያወጣ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ያለ ገመድ ላውጣችሁ አለ!» ይል ነበር። እናቴ አትስቅም።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው የሚጠራው በቁጥር ነው። እናቴ አሥራ ሰባት ነበረች።

«እስር ቤት ነው እንዴ?» አላት አባቴ አንድ ቀን።

«ስም ያኮራል። ቁጥር አያኮራም።»

«እኔን የመኪናዬ ታርጋ ያኮራኛል።»

አዲስ የመጣ ሰው ሰባተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል፤ የበረታ ወደፊት ይሻገራል። እኔ እንደ ሩጫ ውድድር ነበር የምከታተለው። ማን እንደሚያሻግር ግን ያን ጊዜ ጠይቄ አላውቅም። መምህሩ አልነበሩም። ሁሉም «ታላቋ» የሚሏት፣ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ የሆነች ቀጭን ሴት ነበረች። መምህሩ ተናግረው በጨረሱ ቁጥር ደረጃው ላይ ቆማ፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለሰዉ ታስረዳለች።

የሚናገሩት ደግሞ ብዙ አልነበረም። «የምታውቁትን ቤት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ዙሩት» ይላሉ። «ምን ያህል እንደማታውቁት ያን ጊዜ ታያላችሁ።» ሌላ ቀን፦ «እኔ መንገር አልችልም። ራሳችሁ እዩ።» ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፈዋል። ከጎኔ የሚቀመጠው ወፍራም ሰውዬ «ራሳችሁ እዩ» የሚለውን ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ሲያሰምርበት አይቻለሁ።

ጥያቄ ያለው ሰው መዳፍ በምታክል ወረቀት ላይ ቁጥሩንና አንድ ጥያቄ ይጽፋል። መምህሩ ወረቀቷን ወስደው ያስቀሯታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሌላ ቁራጭ ወረቀት መልሱ ብቻ ይመጣል፤ ጥያቄው አይመለስም። ታላቋ እንደምትለው፣ አንዴ የሰጡትን ጥያቄ እያነሱ ማውራት አለማመን ነው።

እናቴን ወደ ዓይን ሐኪም የወሰደቻት አክስቴ ነበረች፤ የእናቴ ታላቅ እህት። እኔም አብሬ ሄጃለሁ። ጨለም ያለ ክፍል፣ የመድኃኒት ሽታ፣ የእናቴን ዓይን በሰማያዊ መብራት የሚያይ ሐኪም።

«ሠላሳ አራት ነው» አለ ሐኪሙ።

«ምኑ ነው ሠላሳ አራት?» አለች አክስቴ።

«ግፊቱ። ዓይኗ ከውስጥ እየተገፋ ነው። ይህን ጠብታ ጠዋትና ማታ ሳታቋርጥ ትጨምር። አልወርድ ካለ በቀዶ ጥገና እንከፍተዋለን።»

ሌላም ብዙ ነገር ተናግሯል። እኔ የያዝኩት ይህን ብቻ ነው፦ ከውስጥ የሚገፋ ነገር አለ። መምህሩ የሚሉት ዓይን ነዋ! ሊወጣ እየገፋ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ጊዜውን ሳይጠብቅ በቢላ ሊከፍተው ነው።

እናቴ አረንጓዴ ክዳን ያለውን ጠብታ አራት ወር ያህል ተጠቀመች። ከዚያ አንድ ቅዳሜ መምህሩ «ከውጭ የሚጨመር ነገር አያበራም፤ እኔን ጨምሮ» አሉ። ታላቋ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት።

«አሥራ ሰባት፣ ያ የዓይን ጠብታሽ ከውጭ የሚጨመር አይደለም?»

«እሳቸው እንደሱ ማለታቸው ይመስልሻል?» አለች እናቴ።

«አይ እንግዲህ! ከኔ ይልቅ አንቺ ሰምተሻቸው ይሆናል።»

እናቴ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ሦስት እርከን ወረደች። በሚቀጥለው ሳምንት ከአምስተኛው ረድፍ ወደ ሦስተኛው ተሻገረች። ጠብታው የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሸሚዝ ቁልፎቹ ጋር ቀረ።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ቤታችን ድረስ መጣች። እኔ መኪናው ሥር ተቀምጬ ቅዳጅ እለቅም ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ሰው ሳታስፈቅጂ ማስነጠስስ ትችያለሽ?»

«እትዬ፣ አንቺ አይገባሽም።»

«አይገባኝም! እኔ የገባኝ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታት ሰፊ መሆንሽ ነው። ክሩን ማን እንደሚያስገባልሽ የማላውቅ መሰለሽ? ያቺ ናት፣ መኪናው ሥር ያለችው!»

እውነቷን ነበር፤ ክሩን የማስገባው እኔ ነበርኩ። እኔ ግን አክስቴ ቁጥር ስለሌላት ቀንታ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ያን ዓመት ያየሁትን ልዘርዝር። እናቴ በሩን ስታልፍ ግራ ትከሻዋን መቃኑ ይመታታል፤ ክንዷ ላይ አንዱ ብልዝ ሳይጠፋ ሌላው ይመጣል። የሸሚዝ ኪስ በቀኝ በኩል ሰፍታ ደንበኛ መለሰባት። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ክር አምታታች። ደረጃ ስትወርድ የመጨረሻውን እርከን በእግሯ ጣት ትፈልጋለች። የምትጽፈው ጽሑፍ ትልልቅ እየሆነ፣ ወደ ታች እየወረደ መጣ፤ በመጨረሻ እርሳሱን ለእኔ ሰጠችኝ። «አንቺ ጻፊልኝ የኔ ልጅ፣ እጄ ደክሟል።»

ዛሬ እነዚህን አንድ ሰው ካርድ ላይ ባነባቸው ስልኩን አንስቼ ሐኪሙን እጠራለሁ። ያን ጊዜ ግን ታላቋ «ሲጨልምሽ ደስ ይበልሽ፤ በሩ ሊከፈት ነው» ብላት ነበር። እኔም ደስ አለኝ። እናቴ ልምምዱን በደንብ እንድትሠራ ቤቱን አዘጋጅላት ጀመር፤ ወንበሩ ከጠረጴዛው ሥር፣ ብርጭቆው ከቧንቧው በስተቀኝ፣ መቀሱ ከስፌት መኪናው መዘውር አጠገብ። ከቦታው የተነቃነቀ ነገር ካየሁ እመልሰዋለሁ። አባቴ ለሁለት ቀን መጥቶ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ሲያይ «ወታደር ቤት አደረጋችሁት!» ብሎ ስቆ ይሄዳል።

ጠብታውን ካቆመች ስምንት ወር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሥራ ፈትታ ተቀምጣ አገኘኋት። መኪናው ክዳኑ ተከድኗል።

«ወረቀትና እርሳስ አምጪ» አለችኝ። አመጣሁ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተለማመደችው ንግግር ይመስል ነበር። «አሥራ ሰባት ብለሽ ጻፊ። ከዚያ፣ ጠብታዬን ካቆምኩ ቆየሁ። ግራ ጎኔ በሙሉ ጨልሟል። ወደ ሐኪም ልመለስ ወይ?»

እርሳሱን ይዤ ቀረሁ። ሦስተኛ ረድፍ ነበርን። ስለ ሥጋዋ የጠየቀች አንዲት ሴት በታላቋ ትእዛዝ ወደ ሰባተኛ ስትመለስ አይቻለሁ። ሐኪሙና ቢላውም ትዝ አሉኝ። ይህን ሁሉ ጨለማ ካለፈች በኋላ፣ በሩ ሊከፈት ሲል፣ እናቴ ወደ ኋላ ልትመለስ ነው።

«ጻፍሽ?»

«እየጻፍኩ ነው እማዬ።»

የጻፍኩት ሌላ ነው። «የውስጥ ዓይኔ እስኪከፈት ምን ያህል ቀረኝ?»

«አንብቢልኝ እስቲ።»

የእሷን ቃል አንድም ሳልስት በቃሌ አነበብኩላት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ አራት ቦታ አጠፈችው። በማግስቱ ራሷ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ያን ሳምንት እናቴ እንዴት እንደጠበቀች አሁን ነው የሚገባኝ። ማክሰኞ ዕለት የውጭ ጫማዋን ጠርጋ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። የሐኪም ካርዷን ከቁም ሳጥኑ እንዳወርድላት አደረገችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ አጋጣሚ መሰለኝ። መልሱ «ሂጂ» እንደሚሆን እርግጠኛ ነበረች።

ቅዳሜ መልሱ መጣ። ደረጃው ሥር፣ ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ በሚጮኸው መሣሪያ መሐል፣ ጆሮዋ ሥር አነበብኩላት።

«ገና ነው። ጠብቂ።»

«ሌላ ነገር የለውም?»

«የለም።»

«ከጀርባውስ?»

ገለበጥኩት። «ባዶ ነው እማዬ።»

«እሺ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እሺ» አለች።

እኔም ከፍቶኝ ነበር፤ ግን ለሌላ ጉዳይ። ቅርብ ነው ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበርና። ያ መልስ እሷ ዘንድ ሲደርስ የሌላ ጥያቄ መልስ እንደሚሆን አላሰብኩም። እንዴት እንዳላሰብኩ ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ። ያገኘሁት ምክንያት ሁሉ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ ከማለት አያልፍም፤ እሱም ለእኔ ምክንያት አይመስለኝም።

ቤት ስንደርስ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩት።

ሰባት ወር ጠበቀች። መጀመሪያ ላይ ያወራሁት፣ ዓይኗን ጨፍና ቤቱን የዞረችበት ቀን፣ በዚያ ሰባት ወር መሐል ነው። አባቴ በሚቀጥለው ሲመጣ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ እማዬ ዓይኗን ጨፍና የምትሠራውን ታያለህ?»

ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ሞልታዋለች። «እስቲ አሳዪኝ አሥራ ሰባት!» አላት። እናቴ እንቢ አለች፤ ለመናት፤ ተነሳች። ስድስት፣ አራት፣ ሦስት። ውኃውን ቀድታ አመጣችለት። አባቴ ጠጥቶ አጨበጨበ። «ሰርከስ ማስቀጠር ነበረብን እኮ!»

ከዚያ ልጅ ሆነ። ወደ ስፌት መኪናዋ ስትመለስ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በይ አለኝ። ጫማውን አውልቆ፣ ወንበሩን ከጠረጴዛው ሥር አንስቶ ከበሩና ከቁም ሳጥኑ መሐል አቆመው። ሳቄን በሁለት እጄ አፈንኩ።

«በይ አሁን ደግሞ ዓይንሽን ገልጠሽ ነይ።»

ገለጠች። እናቴ ትልልቅ፣ የሚያምሩ ዓይኖች ነበሯት። ወደ እኛ እያየች ስድስት እርምጃ መጣች፤ ወደ ቀኝ ዞረች፤ በሁለተኛው እርምጃ ከነወንበሩ ወደቀች።

እኔ ሳቅኩ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ሳቅኩ።

አባቴ አጠገቧ ተንበረከከ። ፊቷን በአንድ እጁ ያዘ። «ስንት ጣት ነው ያነሳሁት?» አላት።

እናቴ ጥቂት አሰበች። «ሦስት።»

ሌላኛው እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ምንም አላነሳም።

በዚያው ሰዓት በከባድ መኪናው ወሰዳት። የተጫነውን ዕቃ ሳያራግፍ፣ እኔን በመሐላቸው አስቀምጦ። ሐኪሙ ያው የበፊቱ ነበር። ለክቶ ሲያበቃ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገው።

«የግራው ጠፍቷል። የቀኙ መብራትና ጥላ ቢለይ ነው። የሄደው አይመለስም። እኔ መድኃኒት ሰጥቼሽ ነበር፤ ለምን አቋረጥሽ? ሲብስብሽስ ለምን አልመጣሽም?»

«ጠይቄ ነበር» አለች እናቴ። «ጠብቂ ተብዬ ነው።»

«ማን ነው ጠብቂ ያለሽ?» አለ አባቴ።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ግድግዳው ላይ የፊደል መመርመሪያ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አጥርቼ አነብ ነበር። ጠይቄ ነበር ስትል የጻፍኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደተዘጋ ቆየ።

አባቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ክፍል ገብቶ ወንበሩን ሁሉ ገለባበጠው። አንዱን ወንበር መምህሩ ላይ ወርውሮ ክንዳቸውን ሰበረ። ክፍሉ ተዘጋ። አባቴ የሩቅ መንገድ ሥራውን ተወ፤ እናቴን እጇን ይዞ ሲመራ ኖረና ከስድስት ዓመት በፊት ሞተ። እስከ መጨረሻው መምህሩን ሲረግም ነበር። አንድም ቀን «አባዬ፣ እሳቸው አይደሉም» አላልኩትም።

ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ እኔ ፊት ተቀመጡ። አገጫቸውን ሲያስደግፉ ግራጫው ካፖርት ደረቱ ላይ እርሳስ እንዳለው አየሁ። ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ሦስተኛም ለካሁ፤ ሳያስፈልግ።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«አሥራ አራት። ደህና ነው።» እጄ ካርዱ ላይ ቀረ። «እኔ የአሥራ ሰባት ልጅ ነኝ።»

አገጫቸውን ከመሣሪያው አንስተው አዩኝ። «ወንበር የወረወረብኝ ሰው ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ቀንቼበት ነበር። ለእኔ ማንም እንደሱ አልተቆጣልኝም።» ቀጠሉና «እናትሽ ግን ስለ ዓይኗ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም» አሉ።

«ወረቀቶቹን ጥለዋቸዋል?»

«እኔ የሊፍት ሰው ነኝ። የሊፍቱ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ብልሽቱ፣ የተሠራው ሥራ። ምንም አልጥልም።»

እሁድ ቤታቸው ሄድኩ። የሁሉም ጥያቄ በቁጥር በቁጥር ታስሮ በፋይል ተቀምጧል፤ ጥያቄው በፊት፣ የሰጡት መልስ ከጀርባው በእርሳስ። የዘጠኝ ቁጥርን አነሳሁ። «የመንጋጋ ጥርሴን ልነቀል ወይ?» ጀርባው፦ «የጥርስ ሐኪም ጠይቅ እንጂ!» ሃያ ስድስት ቁጥር፣ ስለ ልቧ። ጀርባው፦ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።» የሠላሳ ቁጥርም እንደዚያው። ስለ ሥጋው የጠየቀ ሁሉ የተመለሰለት አንድ ነገር ነው።

«ስንት ዓመት ሙሉ ራሳችሁ እዩ ብዬ ለፈፍኩ» አሉ ከበስተኋላዬ። «እነሱ ደግሞ እንዴት እንደምናይ ይንገሩን ይሉኛል። ሰለቸኝ ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። በሌላው ግማሽ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው እጄን እያየ ሲጠብቅ ደስ ይለኝ ነበር።»

የአሥራ ሰባትን እስር ፈታሁ። አርባ አንድ ወረቀት ነበር። ሠላሳ ሦስቱ በእናቴ ጽሕፈት፤ ፊደሎቹ እየተለቁ፣ መስመሩ እየወረደ፣ የጠፋውን ዓይን ወር በወር ያሳያሉ። ከዚያ የልጅ ጽሕፈት ይጀምራል። ሁለተኛው ላይ አገኘሁት። ገለበጥኩት። «ገና ነው። ጠብቂ።»

ይዤው ለመውጣት ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ጽሕፈቱን አዩ፤ እኔን አዩ። ወረቀቱን መለሱልኝ። ክንዳቸውን፣ ያን የተሰበረውን፣ በሌላው እጃቸው ያዙ።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ዓይኗ ያማታልና ለሕመሙ በቀን ሦስት ጊዜ ጠብታ እጨምርላታለሁ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ እጇ የወንበሩን ክንድ ይዞ ነበር።

«ማንም አልከለከለኝም?» አለች።

«ማንም።»

«ሃያ ስምንት ዓመት ከልክለውኝ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ታዘዝኩ፣ ተጎዳሁ፤ እሱ ራሱ አንድ ነገር ነበር። ልይዘው የምችለው ነገር።» ወደ ድምፄ ዞረች። «አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እኔ ስንት ነበርኩ?»

«ሠላሳ አምስት።»

«ሐኪም ቤቱ ስንት ፌርማታ ነው?»

«እማዬ...»

«ስንት ፌርማታ ነው አልኩሽ።»

«ሦስት።»

«ሦስት ፌርማታ። እግሬ ጤነኛ ነበር። ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።» ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር እጇን አነሳችና አስቆመችኝ። «ተይ። አንቺን ልቆጣ ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። እሳቸውን መቆጣት ለምጄ ነበር፤ እሱን ደግሞ ዛሬ ወሰድሽብኝ። አሁን ማን ቀረ?»

ወረቀቱን እጇ ላይ አኖርኩት። ልክ እንደዚያን ጊዜው በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«አንብቢልኝ። የተጻፈውን።»

አነበብኩላት። «የውስጥ ዓይኔ እስኪከፈት ምን ያህል ቀረኝ?» ገለበጥኩት። «ገና ነው። ጠብቂ።»

አፏ ጥግ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጥቶ ጠፋ። «ልክ ነው የመለሱት» አለች።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሆኖ ነበር። ተነስቼ ጠብታውን አመጣሁ፤ እንደ ሁልጊዜው አገጯን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ገፋችኝ።

«ስጪኝ።»

«ታስቸግርሻለች እማዬ፣ እኔ...»

«ስጪኝ አልኩ።»

ክዳኑን ራሷ ፈታችው። ራሷን ወደ ኋላ ጣለች። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጯ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ቅንድቧ ላይ ወርዳ በጆሮዋ በኩል ሄደች። እጄን ከጀርባዬ ያዝኩት። ሦስተኛዋ አፍንጫዋን ነካች። እናቴ እጇን ትንሽ አንቀሳቀሰች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ጨመቀች። እኔ ቆሜ እቆጥራለሁ። በሰባተኛዋ ገባች።